31 ሜይ ያለው የጁስ ቤት ታፔላ

ጓደኞቼ፣ ዛሬ ራሴን እንዴት እንዳዋረድኩ ካልነገርኳችሁ እንቅልፍ አይወስደኝም!

ጀማልን ስንቴ አውርቼላችኋለሁ። ድሬዳዋ እያለን ያጨኝ፣ አይሱዙ ጀርባ ላይ በብሩሽ «ማሻአላህ» እያለ በላቲን የሚጽፈው። «ሐርጌሳ ቅደሚኝ፣ እከተልሻለሁ» ብሎ ስልኩን ዘግቶ የቀረው። አዎ፣ እሱው!

ዛሬ ጠዋት እዚሁ ሐርጌሳ ከምኖርበት ከመሐመድ ሞጌ ሰፈር ወደምሠራበት ምግብ ቤት ስሄድ፣ ባጃጁ 31 ሜይ የሚባለው ሰፈር ላይ ቆመ። ቀና ብል አዲስ የጁስ ቤት ታፔላ።

የጀማል እጅ!

ወላሂ አልተጠራጠርኩም። ፊደሉ ሲጀምር ወፈር፣ ሲጨርስ ቀለም እንዳለቀበት ብሩሽ ሳሳ ይልና ጭራው ሽቅብ ይሄዳል። እንዲህ ተቻኩሎ የሚጽፍ ሌላ ሰው አላውቅም።

ከተማው ውስጥ እያለ አልፈለገኝም ብዬ መናደድ ነበረብኝ አይደል? የት አባቴ! ደስታዬ ቀደመ።

ሥራው ቀረ። ቤት ተመልሼ አዲሱን ሒጃብ ለበስኩ። ኩል ሁሉ ተኳልኩ!

የጁስ ቤቷን ባለቤት በተሰባበረ ሶማሊኛዬ «ይሄን የጻፈው ሰው የታለ?» አልኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ዋላል፣ እህቴ፣ ማተሚያ ቤት ነው ያሠራሁት» ብላ በአገጯ ማዶውን አሳየችኝ።

እዚያ ተቀጥሯል ማለት ነው! አስፋልቱን እንዴት እንደተሻገርኩ አላህ ይወቀው።

ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ የጅግጅጋ ነው፣ አማርኛ ይችላል። ጀማልን ጥራልኝ አልኩት።

«የምን ጀማል? እህቴ፣ ይሄ እኮ ፎንት ነው፣ የኮምፒውተር ፊደል። ሁለቱን የ«ኤ» ፊደሎች እያቸው፣ ቁርጥ አንድ ናቸው። ሰው በእጁ ሲጽፍ እንዲህ አይመጣም።»

ፎንት!

ለፎንት ነው የተኳልኩት!

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄው ነው። ሰውዬው አሳዘንኩት መሰለኝ «የፈለግሽውን ልጻፍልሽ» አለኝ። ስሜን ልል ነበር። ከአፌ የወጣው ግን «‹መጣሁ› ብለህ ጻፍልኝ» ሆነ።

በአማርኛ ሲሞክር ባዶ ሳጥን ብቻ ተደረደረ። ፎንቱ ፊደላችንን አያውቅም። በላቲን ጻፈው።

በጀማል እጅ፣ መጣሁ።

ሰው ፊት አለቀስኩ። ኩሌ ጉንጬ ላይ ወረደ። ናፍቆኛል፣ ምን ልዋሻችሁ!

ሰውዬው ቁጥሬን ተቀብሎ ጽሑፉን በቴሌግራም ላከልኝ። ስልኬ ቲን ሲል ልቤ ዘለለ፣ እሱ መሰለኝ።

እስቲ ፍረዱኝ፤ ላኪው ፊቴ ተቀምጦ እያየሁት ጀማል ነው ብዬ የምደነግጠው እኔ፣ ምን ይሻለኛል?