እትዬ ከዚያስ

ወሬ ሲነገራቸው ዝም ብለው መስማት የማይሆንላቸው ሰዎች በየሰፈሩ አንድ አንድ ተመድበዋል። አትጠራጠሩ፣ እናንተም ጋ አለች። «ትናንት ታክሲ ስጠብቅ…» ስትሏት «ውይ በሞትኩት!» ትላለች። ገና ታክሲው አልመጣም እኮ!

የእኛዋ፣ ክብርት እትዬ ከዚያስ፣ ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፍተው፣ የስፌት መኪናውን ለልጃቸው አስረክበው፣ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ጣቢያችን በጎ ፈቃደኛ አዘጋጅ ሆነዋል። እኔ ደግሞ በጎ ፈቃደኞቹን ዶክመንተሪ አሠራር የማሠለጥን ምስኪን ነኝ። የመጀመሪያ ትምህርቴ «ባለታሪኩ ሲናገር ጠያቂው አንገቱን ብቻ ይነቀንቃል» የሚል ነው። እትዬ ደብተራቸው ላይ ጽፈው ሁለቴ አሠመሩበት።

ከዚያ አንድ ጣሪያ ሠሪ አነጋግረው የመጀመሪያ የድምፅ ቅጂያቸውን አመጡልኝ። በዘጠኝ ደቂቃ ውስጥ አርባ አንድ «ወይኔ!» ቆጠርኩ። ትንፋሽ ወደ ውስጥ እየተሳበ የሚባለውን «ህእ!» ሳልጨምር ነው።

«ምን ላድርግ መምህር? ሰውየው ከጣሪያ ወደቀ እኮ!»

«ወደቀ አላለም እትዬ። ‹መሰላሉን ሳስደግፍ› ነው ያለው።»

«ታዲያ መውደቁ መች ይቀራል?»

ይህ ሁሉ ባላናደደኝ ነበር። ግን ሰባት ወር ሙሉ ሥራ አስኪያጁን ለምኜ የእሑድን ግማሽ ሰዓት አግኝቻለሁ። «ዝግጅቱ እስከ ዓርብ ካልደረሰ ሰዓቱን ለኳስ ትንተና እሰጠዋለሁ» ብሎኛል። የእሑዱ ባለታሪካችን አርባ ዓመት የሰፈሩን የውኃ ቧንቧ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው፤ የሚመቻቸው ሐሙስ ብቻ ነው።

ሐሙስ እትዬን «በሞቴ፣ አንዲት ቃል እንዳይተነፍሱ» አልኳቸው። ታዘዙ። ከንፈራቸውን በሁለት ጣት ቆንጥጠው፣ ጉንጫቸው ተነፍቶ፣ ዓይናቸው ፈጦ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ቧንቧ ጠጋኙ ግራ ገባቸው። «እህቴ፣ አሞሻል እንዴ?» አሉ። ቆይተው ደግሞ «እያሰለቸኋችሁ ነው መሰለኝ» ብለው ቆባቸውን አነሡ።

እትዬን አስወጣሁና ራሴ ጠየቅሁ።

«ሥራው ከባድ ነበር?»

«አዎ።»

«የማይረሱት ቀን አለ?»

«እንግዲህ… ሥራ ነው።»

ሃያ ደቂቃ ቀዳሁ። አብዛኛው የወንበር ሲጢጥታ ነው። ኳስ ተንታኙ በዓይነ ኅሊናዬ ጉሮሮውን ሲጠርግ ታየኝ፤ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ በሩን ከፈትኩ። እትዬ ጆሯቸውን በሩ ላይ ለጥፈው ኖሮ ሊወድቁብኝ ነበር።

«ይግቡ እትዬ፤ እንደፈለጉ ይሁኑ!»

ገና ሳይቀመጡ «መጀመሪያ ጉድጓድ የገቡ ቀንስ?» አሉ።

«ያን ቀንማ አፈር ተናደብኝ።»

«ህእ!»

«እስከ ደረቴ።»

«ውይ በሞትኩት! ከዚያስ?»

ከዚያማ ማን ያስቁማቸው! በስድብ ብቻ የሚያናግራቸው አለቃቸው በባዶ እጁ ቆፍሮ እንዳወጣቸው፣ ጥፍሮቹ እንደተነቀሉ፣ እሳቸውም በሕይወት ሳለ አንድም ቀን እንዳላመሰገኑት አወሩ። አለቀሱ። እትዬም አለቀሱ። እኔ ማይክሮፎኑን ይዤ ንፍጤን መጥረጊያ እጅ አጣሁ።

ዓርብ ቅጂውን ስቆርጥ ስቀጥል ዋልኩ። የእትዬን ጩኸት ባወጣሁ ቁጥር ሰውየው ለግድግዳ የሚያወሩ ይመስላሉ። በመጨረሻ ሁሉንም መልሼ ከተትኩት፤ እሑድም እንዳለ ተላለፈ።

ሰኞ ቧንቧ ጠጋኙ ጣቢያችን መጡ። «እህቴ የለችም? ያልነገርኳት ነገር ትዝ ብሎኝ ነበር።»

«እኔ አለሁልዎት» አልኳቸው።

ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና «ነገ እመለሳለሁ» ብለው ሄዱ።

አልተቀየምኳቸውም። እኔም በር በሩን እያየሁ እትዬን ስጠብቅ ነበር። ጠዋት የመንጋጋ ጥርሴን ተነቅዬ፣ ለእሳቸው ሳልነግራቸው የተነቀለ አልመስልህ ብሎኛል።