ወንበር ያነሳ አመፀኛ

እናንተዬ፣ አመፅ ማለት ምን ማለት ነው? እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሽማግሌ፣ ጠመንጃ ይዞ ጫካ መግባት ይመስለኝ ነበር። ለካ ወንበር ማንሳትም ነው!

የቀበሌያችን ሊቀመንበር «አመፅ» የምትለዋን ቃል ይወዳታል። ለስብሰባ ያረፈደ አመፀኛ፣ ያስነጠሰ ደግሞ ሁከት ፈጣሪ ነው። ባለፈው ቅዳሜ በዚህ በጋምቤላ ፀሐይ አስጥቶን ስለ ሰላም ሁለት ሰዓት ሙሉ አወራ። አናቴ ሲፈላ ወንበሬን አንስቼ ማንጎው ጥላ ሥር ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ጮኸብኝ።

«አባባ፣ ይሄ አመፅ ነው! ስምዎ ለወረዳ ይጻፋል!»

«ይጻፍ! እኔ ግን ከጥላ አልነሳም።»

ስም ወረዳ ከደረሰ እስር እንዳለ አውቃለሁ፤ ግን የፈላ አናት መቼ ያስባል? ይህን ጊዜ ሰዉ ሁሉ ወንበሩን እየጎተተ ተከተለኝ። ሊቀመንበሩ ፀሐይ ላይ ብቻውን ቀረ። ጸሐፊዋ አሪየት ከጥላው ሆና ጠየቀችው።

«አመፅ ልበል ወይስ አድማ?»

«አመፅ በይ! መሪው እሳቸው ናቸው።»

«እሺ። ወረዳው ‹ምን አድርገሃቸው አመፁብህ?› ቢልዎትስ?»

ላቡን ጠረገ። አሰበ። ከዚያ ወንበሩን ተሸክሞ አጠገቤ መጣ።

«ጻፊ፤ ስብሰባው በሊቀመንበሩ ብቃት ያለው አመራር ወደ ጥላ ተዛውሯል።»

እኔም ጠጋ አልኩለት። መሪ ፀሐይ ሲመታው ዝም ተብሎ ይታያል እንዴ?