የአማቴ ሎሚ እና የወርቅነሽ ማርብል

ኪችን ውስጥ የሚገባ ድንጋይ እንቅልፍ ይነሳል ብትሉኝ ድሮ እስቅ ነበር። ድንጋይ ምን ያሳስባል? ያን ሰሞን ሆሳዕና ኮብልስቶን ይነጠፍባት ስለነበር የከተማው ወሬ ሁሉ ድንጋይ ነው። የመንገዱ ድንጋይ ግን አላስጨነቀኝም። ያስጨነቀኝ ቤቴ የገባው ነው።

ባለቤቴ ወርቅነሽ ነርስ ናት። ቤታችንን ሠርተን ኪችኑ ብቻ ሲቀር፣ አዲስ አበባ ለሥልጠና ሄዳ ተመለሰች። ከሥልጠናው ምን እንደተማረች አልነገረችኝም። የነገረችኝ ለኪችኑ ጠረጴዛ ስለሚሆን ማርብል ነው። ጥቁር ግራናይት ቀርቷል አለች፤ አሁን ነጭ ማርብል ነው፣ ግራጫ ጅማት ያለው። ጎረቤታችን ሰሚራ፣ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴው ባለቤት፣ ቀደም ብላ ጥቁር ግራናይት አስገብታ ሰፈሩን ሁሉ አስጎብኝታለች። ስለዚህ የኛ ነጭ መሆን ነበረበት።

እኔ ደግሞ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። በየዓመቱ ክፍል ገብቼ የኖራ ድንጋይ ስባሪ ላይ ሎሚ እጨምቃለሁ። አረፋ ይደፍቃል። አሲድ ይህን ድንጋይ ይበላል፣ ማርብልም የዚሁ ዘመድ ነው፣ ጻፉ እላለሁ። ታዲያ ወርቅነሽ ስታወራልኝ ያንን ለምን አልነገርኳትም? እንጃ። ፊቷን አይቼ ነው መሰለኝ።

ድንጋዩ ከአዲስ አበባ በአይሱዙ መጣ። ሾፌሩ ፎንቆ ደርሻለሁ ብሎ ከደወለ ጀምሮ በር ላይ ቆሜ ነበር። አምስት ሰው ተሸክሞ አስገባው፤ ተገጠመ። እውነት ለመናገር ያምራል። ፊት ያሳያል። ጭንቀቴን ያባሰውም እሱ ነው፤ አንዲት ጠብታ ሎሚ ብትነካው ቦታው ፈዞ ይቀራል። ከዚያን ቀን ጀምሮ በገዛ ቤቴ የሎሚ ዘበኛ ሆንኩ። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው እጁን ነው። ዓሣ ያለ ሎሚ አይበላምና እንዳይገዛ ከለከልኩ። ወርቅነሽ ለምን ስትለኝ ሆዴን አይስማማኝም አልኳት።

ይሄ ሁሉ አማቴ፣ የወርቅነሽ እናት፣ እስኪመጡ ነው። አማቴ የሚኖሩት ሞርሲቶ ነው፤ ጓሯቸው ያለው የሎሚ ዛፍ አገር ያጠግባል። አንድ ዘንቢል ሙሉ ይዘው መጡ። ዞር ሲሉልኝ ዘንቢሉን ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከኮቶቼ ሥር ደበቅኩት። በማግስቱ ጉንፋን ያዛቸውና ሻይ በሎሚ አማራቸው። ሎሚው የለም። ቤቱ ሁሉ ተፈተሸ፤ እኔም አብሬ ፈለግኩ። በኋላ ኮቴን ለብሼ ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ በአጠገባቸው አለፍኩ። አማቴ አሸተቱና ለልጃቸው በሀዲይኛ አንድ ነገር አሉ። እኔ የአንጋጫ ልጅ ነኝ፣ አፌን የፈታሁት በከምባትኛ ነው። ሀዲይኛ ግማሹን ብቻ ነው የምሰማው። የሚገባኝ ግማሽ ደግሞ ሁልጊዜ ስለኔ የሚወራው ነው። «ባልሽ ከእኔ ሎሚ ይደብቃል» ነው ያሉት።

ከሥራ ስመለስ ወደ ሞርሲቶ ሄደዋል።

አማት ማስቀየም ምን እንደሆነ ያላገባ ሰው አያውቀውም። ወርቅነሽ አልተቆጣችም፤ ምግቤን አቅርባልኝ እሷ ለብቻዋ በላች። ሁለት ቀን ሙሉ። በሦስተኛው ቀን አላስችል ሲለኝ ስለ አሲዱም ስለ ድንጋዩም ሁሉንም ተናገርኩ።

«ሳይገዛ በፊት ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

«አውቅ ነበር።»

«እና ዝም አልክ።»

«ደስ ብሎሽ ነበራ።»

«ነገ ሞርሲቶ ሄደህ ይቅርታ ትጠይቃለህ» አለች። ሄድኩ። አማቴ አስቀመጡኝ፣ አበሉኝ። ይቅርታዬን ሰምተው «ለመስቀል እመጣለሁ» ብቻ አሉ። ምሕረት ይሁን ማስጠንቀቂያ፣ ሆሳዕና እስክገባ ሳሰላስል መጣሁ። ስለ ድንጋዩስ ነገርኳቸው? አልነገርኳቸውም። የእርስዎ ሎሚ ቤቴን ያበላሻል ማለት የባሰ ስድብ መሰለኝ።

ለመስቀል መጡ። ጠዋት እኛ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ እግሬን አሞኛል ብለው ቀሩ። ለካ እንግዳ ሳይመጣ ቤቱን ሊያዘጋጁልን ነው። ስንመለስ ኪችኑ ሎሚ ሎሚ ይሸታል። ማርብሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈዟል። አማቴ ላባቸውን እየጠረጉ ቆመዋል፤ አጠገባቸው የሎሚ ልጣጭ ተከምሯል።

«ቅባት ይዞት ነበር» አሉን በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማ። «ያብለጨልጫል፣ ያንሸራትታል። ቅቤ ነው። አሁን ለቀቀ። ቅያሜዬንም አብሬ አጥቤዋለሁ።»

እኔ የድንጋዩን ጫፍ ያዝኩ። ወርቅነሽ እናቷን አቅፋ ሳመች። ከዚያ መኝታ ቤት ገብታ ቆየት ብላ ወጣች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

ከሰዓት ሰሚራ እንኳን አደረሳችሁ ልትል መጣች። ቅቤ የጠገበ አታካና፣ የሀዲያ የበዓል ምግብ፣ ቀረበላት። ዓይኗ ግን ኪችኑ ላይ ነው። ተነሥታ ሄዳ መዳፏን በድንጋዩ ላይ አሳለፈች። እኔ ወንበሬ ላይ ተኮራምቼ የሚመጣውን ጠበቅኩ።

«ይሄ ማት የሚሉት፣ የማያብረቀርቀው ነው አይደል?» አለች። አዲስ አበባ ያለችው እህቷ ያስገባችው ይሄንኑ ነው፤ የሚያብረቀርቀውን አሁን ማንም አይፈልገውም ብላታለች።

ወርቅነሽ ቀና አለች። «አዎ፣ ማት ነው።»

አማቴ ግን ውሸት አይችሉም። «እኔ ነኝ በሎሚ ያጠብኩት» አሉ።

በማግስቱ ሰሚራ ሰው ላከች። የሷንም ግራናይት እንዲያጥቡላት። አማቴ ኮርተው፣ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ተነሡ። ግራናይትን ሎሚ ምንም አያደርገውም። ልናገር፣ አልናገር ስል ወጥተው ሄዱ። እስከ እኩለ ቀን ሲፈትጉ ዋሉ። ግራናይቱ ጭራሽ ይባስ ብሎ አበራ።

ሰሚራ እኛ ቤት መጣች። አልተቆጣችም። ወርቅነሽን «ባልሽ ኬሚስት ነው፤ ከሎሚው ጋር የቀላቀለው ነገር አለ» አለቻት። ይሄኔ እንኳ ደፈር ልበል ብዬ ወረቀት አወጣሁና ሁሉንም ዘርዝሬ አስረዳኋት። ማርብል ይህ ነው፣ ግራናይት ይህ ነው፣ አሲድ ይህን ይበላል፣ ያንን አይበላም። ሰሚራ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማችኝ። ሻይዋን ጨረሰችና ተነሣች።

«እሺ መምህር» አለች፤ «ቅልቅሉን ለሰው መንገር ካልፈለጉ ይቅር።»