ስለ ነፃነት የሞትኩት እኔ

ታላቅ ወንድሜ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ለእውነት ሲል ያልሠዋው ነገር አልነበረም። እኔንም ሠውቶኛል።

በአገራችን ሳለን ለፓርቲው ንግግር ይጽፍ ነበር፤ የት ላይ እንደሚጨበጨብ ሳይቀር የሚወስነው እሱ ነው። አንድ ጊዜ ለስብሰባ ውጭ አገር ተላከ። ጫማ ልግዛ ብሎ ከሆቴሉ ወጣና በዚያው ቀረ። ኮሙኒዝምን ያጋለጠበት መጽሐፉ ግን በጫማ መደብር አይጀምርም። ወንዝ ይሻገራል፤ ጥይት በጆሮ ግንዱ ያልፋል፤ ምዕራፍ ሰባት ላይ ታናሽ ወንድሙ «ወንድሜን አልክድም» ብሎ ይረሸናል። በዚያ ሰሞን እኔ ጉንፋን ይዞኝ ተኝቼ ነበር።

ስንቱ አለቀሰልኝ። መጽሐፉም ደጋግሞ ታተመ። ከዓመታት በኋላ ድንበሩ ሲከፈት፣ ሻንጣዬን ይዤ በሩን አንኳኳሁ።

«ማን አይቶሃል?» አለኝ።

«ጋሼ፣ እንዴት ከረምክ አይቀድምም?»

«እንዴት ከረምክ። ማን አይቶሃል?»

አስገብቶ አቀፈኝ፤ ከልቡ ነው ያቀፈኝ። ከዚያ መጋረጃውን ዘጋ።

«ስማ፣ አንተ ከተነሣህ መጽሐፉ ይወድቃል።»

«ታዲያ ምን ልሁን?»

«የአክስት ልጅ ሁን።»

ሆንኩ። በየአዳራሹ ምዕራፍ ሰባትን እያነበበ እንባ ሲያንቀው ውሃ የማቀብለው እኔ ነበርኩ። አንዳንዴ እኔም አብሬው አለቅሳለሁ፤ ደህና ልጅ ነበርኩ።

ሊሞት ሲል እጄን ያዘ። «ስቀበር ወንድሙ ነኝ ብለህ ተናገር። ውሸቱም አብሮኝ ይቀበር።»

የስደተኛ ነፃ ጸሐፊዎች ማኅበር የቀብሩን ነገር ሊመክር ለቅሶ ቤቱ ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩም እንደ ወንድሜ የቀድሞ የፓርቲው ሰው ናቸው፤ ዛሬ አምባገነን የሚል ቃል ሲሰሙ እንኳ ያማቸዋል።

«ወንድሙ ነኝ፤ ቀብሩ ላይ ልናገር» አልኳቸው።

«ወንድሙማ ሞቷል» አሉ፣ ከልብ አዝነው።

«አልሞትኩም እኮ።»

«ይህ የግል አመለካከትዎ ነው፤ እናከብረዋለን። ማኅበራችን የቆመውም ለዚሁ ነው።» ወደ ተሰብሳቢው ዞሩ። «እንደሞቱ ይቀጥሉ የምትሉ፣ እጅ።»

የቤቱ እጅ ባንዴ ወጣ። የዚያ አገር ልጆች በዚህ አንታማም፤ እጅ ሲባል እጃችን ከእኛ ይቀድማል።

«የሚቃወም? ድምፀ ተዓቅቦ?» ሊቀመንበሩ ዙሪያውን ቃኙ። «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።»

ተሳስተዋል ልላቸው ቀና ስል፣ የእኔም እጅ ተነሥቶ ነበር።