በእርሳስ የተጻፈ ቀሪ

ከግብር ሰብሳቢ የተደበቀ ሰው አለ። ከቀበሌ ጥበቃ ያመለጠም አለ። ከሞት አፍ ለጥቂት የተረፈም ሞልቷል። ከመነኩሲት አስተማሪ ያመለጠ ተማሪ ግን ከአዲስ ዓለም እስከ ባኮ ባለው መንገድ ዳር አንድም አልተገኘም። አመለጥኩ የሚል ካለ ወይ ይዋሻል፣ ወይ ገና አልደረሱበትም።

በዚያ ዘመን እንዲህ ያሉ አንዲት ሲስተር ያልነበሯት ከተማ አልነበረችም። የአምቦዋ ሲስተር ድንቅቱ ይባላሉ። ከወለጋ በኩል የመጡ የገበሬ ልጅ ናቸው፤ ሒሳብ ያስተምራሉ። ቁመታቸው ከሰሌዳው እኩሌታ አያልፍም፤ ስለዚህ የሰሌዳው የላይኛው ግማሽ ስምንት ዓመት ሙሉ ጠመኔ ሳይነካው ኖሯል። ግራጫ ክንብንብ፣ የወንድ የሚመስል ጥቁር ጫማ፣ ክረምት ከበጋ የማይለያቸው ዣንጥላ። ሮጠው አያውቁም። ግን ሰው የትም ሲደርስ እሳቸው ቀድመውት ቆመው ያገኛቸዋል።

የሥልጣናቸው ምንጭ የስም መጥሪያ መዝገባቸው ነበር። በዚያ መዝገብ ላይ የተገኘ ልጅ በቀለም፣ የቀረ ልጅ በእርሳስ ይጻፋል። አንድ አዲስ መምህር «ቀሪውን ለምን በእርሳስ ይጽፉታል?» ቢላቸው፣ «ገና አላለቀማ» አሉት። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ደወል ሲደወል ዣንጥላቸውን አንስተው ይወጣሉ። የቀረውን ልጅ ካለበት ያገኙታል፤ የዕለቱን ትምህርት ያስተምሩታል፤ መልሶ እንዲያስረዳቸው ያደርጉታል። ከዚያ እዚያው ፊቱ መዝገቡን ዘርግተው በእርሳስ የጻፏትን «ቀ» በላጲስ ያጠፉና በቀለም «ተገኝቷል» የሚለውን ምልክት ያኖሩለታል። ለወላጅ የሚሰጡት ማብራሪያም አንድ ነው፦

«ልጅ ወደ ትምህርት ካልሄደ ትምህርት ወደ ልጅ ይሄዳል።»

ጉዴ በኩፍኝ ተይዛ ብትተኛ በመስኮት አስተማሯት። ሌታ ሲያያቸው ዛፍ ላይ ወጣ፤ ሲስተር ሥሩ ተቀምጠው ክፍልፋይ አስተማሩት፣ ልጁም ከነቅርንጫፉ እየተወዛወዘ መለሰ። አራት ወንዶች ልጆች ፍል ውሃው ገንዳ ውስጥ ሲዋኙ ቢያገኟቸው «ውጡ» አላሉም። ከገንዳው ጫፍ ዣንጥላቸውን ዘርግተው ተቀመጡና መቶኛን ከመጀመሪያው ጀመሩ። ልጆቹ እርቃናቸውን ስለነበሩ መውጣት አልቻሉም። ሲጨርሱ የጣቶቻቸው ቆዳ እንደ ዘቢብ ተጨማድዶ ነበር። መቶኛን ግን እስከ ዛሬ አልረሱም።

ለዚህ ሁሉ ዋና ምስክር ቀድሪያ ከድሮ ናት። ሲስተር እሷ ቤት የመጡት አሥራ አንድ ጊዜ ነው። አንዴ ጥርሷ አብጦ አፏን መክፈት አልቻለችም፤ «በጣትሽ አስረጂኝ» አሏት። አምቦ ገበያ አጠገብ ሱቅ ያለው አባቷ ከድሮ፣ የስልጤ ሰው፣ በመደነቅ ራሱን ይነቀንቅ ነበር። «እኚህ ሴትዮ ነጋዴ ቢሆኑ ኖሮ እኛ ሁላችን ዛሬ ገበሬ ነበርን» ይላል።

በሰባ አራት ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ ቀድሪያ ስምንተኛ ክፍል ሆና «ሚኒስትሪ» የሚባለው ብሔራዊ ፈተና አራት ሳምንት ሲቀረው፣ ባኮ ያለው የአጎቷ የአብዱልናስር ሚስት በኦፕራሲዮን መንታ ወለደች። ሱቁን የሚጠብቅ ጠፋ። ከድሮም ለወንድሙ ቃል ገባ፤ ቀድሪያ እስከ ሐምሌ ባኮ ትቀመጣለች።

አላህ ይቅር ይበላትና የመጀመሪያ ስሜቷ ደስታ ነበር። ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ! ዣንጥላ የማይደርስበት አገር።

ሲስተር ድንቅቱ ሱቅ ድረስ መጡ።

«ፈተናው እኮ ደርሷል፣ አቶ ከድሮ።»

«አውቃለሁ ሲስተር። ለፈተናው ሁለቱን ቀን አመጣታለሁ። ከዚያ በላይ ግን ለወንድሜ ቃል ሰጥቻለሁ። ቃሌን አጥፌ በየትኛው ዓይኔ አየዋለሁ?»

«ቃልዎን አያጥፉ» አሉ ሲስተር፣ ዣንጥላቸውን እያነሱ። «እኔም አላጥፍም።»

ችግሩ የትምህርት ቤቱ ደንብ ነበር። በመጨረሻው ወር ከአምስት ቀን በላይ የቀረ ተማሪ ለፈተና አይቀርብም። ዲሬክተሩ ደግ ሰው ነበሩና በሩን ዘጋ አድርገው፣ «ሲስተር፣ በቀለም ምልክቱን ያድርጉላትና ይለፉት። ማን ያያል?» አሏቸው።

«መዝገቡ» አሉ ሲስተር።

ስለዚህ ዓርብ ከክፍል በኋላ ቀበሌ ሄዱ፤ በዚያን ጊዜ አዋቂ ሰው ያለ ይለፍ ወረቀት ከከተማ ከተማ መሄድ አይችልም። ሊቀመንበሩ ጓድ ኦልጅራ ነበር።

«ጓድ ሲስተር፣ የጉዞው ምክንያት?»

«ስም ልጠራ።»

«ባኮ ድረስ?»

«ልጅቷ ያለችው ባኮ ነዋ።»

ጓድ ኦልጅራ ብዙ ሊጠይቅ ይችል ነበር። ነገር ግን እሱ ራሱ የመሠረተ ትምህርት ተማሪያቸው ሳለ አንድ ቀን ቀርቶ፣ ሲስተር ስብሰባ መሃል ገብተው በሕዝብ ፊት «ሀ ሁ» አስቆጥረውታል። ፈጥኖ ጻፈ። ያ ወረቀት ዛሬ ቢገኝ ሙዚየም የሚገባ ነው፦ «የጉዞ ምክንያት፦ ስም መጥራት»፣ ከታች ክብ ማኅተም።

ባኮ ላይ ቀድሪያ የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጣ ቴምር እየበላች ሬዲዮ ትሰማ ነበር። በቆሎ ሊጭን ባዶውን የመጣ ኤንትሬ መኪና ፊት ለፊት ቆመ። በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ የወረደው ዣንጥላ ነው።

ቀድሪያ ቴምሩን ከነፍሬው ዋጠችው።

«ቀድሪያ ከድሮ!»

«አ… አቤት።»

«ከሰኞ እንጀምር።»

አጎቷ እንግዳ መቀበሉ ላይ ላብ በላብ ሆነ። እሱ ያረደውን እሳቸው አይበሉ፤ ሥጋ ካላቀረበ ደግሞ ንፉግ ሊባል ነው። ሲስተር ዛሬ ዓርብ ነው፣ ዓርብ ሥጋ አልበላም ሲሉ ሽሮ ቀረበና የሁሉም ክብር ዳነ። ያደሩት በዕቃ ቤቱ፣ በጆንያዎች መሃል ነው። አጎበር አልነበረም።

ቅዳሜ ሱቁ ክፍል ሆነ። የቅቤ ጣሳ ክዳን በሲባጎ እየለኩ የክብን ዙሪያ ተማሩ። ሸማቾች ግን ነገሩን በሌላ ተረዱት። በሙስሊም ሱቅ ውስጥ ረጅም ቀሚስ ለብሰውና ተከናንበው የተቀመጡ አሮጊት ሲያዩ፣ የአብዱልናስር እናት ከመካ ተመልሰው ነው ብለው አመኑ። አንዷ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

«እማማ፣ ዱዓ ያድርጉልኝ።»

«ጸሎት ከሆነ አልከለክልሽም» አሉ ሲስተር። «ስምሽ ማነው? ልጆችሽስ ይማራሉ?»

«ትልቁ እንኳ ከብት…»

«ሰኞ ይመዝገብ።»

በሁለተኛው ሳምንት ዱዓ ፈላጊው ቀነሰ፤ የባኮ ትምህርት ቤት ግን ስድስት አዲስ ልጆች አገኘ ይባላል።

ሲስተር መዝገቡን ዘርግተው አምስቱን «ቀ» አንድ በአንድ አጠፉ፤ የላጲሱን ፍርፋሪ እፍ አሉ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በዚያው መኪና ተመለሱ። ቀድሪያ አልጋዋ ላይ ወድቃ «ያ አላህ፣ በቃቸው በልልኝ» አለች።

አልበቃቸውም። በሁለተኛው ዓርብ መኪናው ሲቆም ቀድሪያ ሱቁ ውስጥ አልነበረችም፤ ከመንገዱ ማዶ ውሃ ቀድታ እየመጣች ነበር። ስለዚህ ሲስተር አላዩዋትም፣ እሷ ግን አየቻቸው። ፊታቸውን ወደ መኪናው አዙረው፣ ጉድጓድ እንደሚወርድ ሰው እግራቸውን እየዳበሱ ወረዱ። ቁርጭምጭሚታቸው አብጦ ከጫማው አፍ ላይ ተርፏል። በሩን ይዘው ቆሙ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ክንብንባቸውን አስተካከሉ፣ ፊታቸውንም አብረው አስተካከሉና ዞረው፣ «ቀድሪያ ከድሮ!» አሉ።

ሲስተር ድንቅቱ ይደክማቸዋል። ይህንን ምስጢር በስምንት ዓመት ውስጥ ያወቀ ተማሪ አልነበረም። ቀድሪያ እንስራዋን እንዳዘለች እዚያው መንገድ ዳር ቆመች። የምታየው ነገር ከልጅ ጉልበት በላይ ነበር።

ያን ሳምንት ማንም ሳያዛት ስለ ሲሊንደር ይዘት ብቻዋን አነበበች። በሦስተኛው ዓርብ ሱቁን ጠረገች፤ ለሲስተር በርጩማ አወጣች፤ ትራስም ጨመረችበት። ኤንትሬው መጣ። የወረደው ሾፌሩ ቱፋ ብቻ ነው።

«ሲስተርስ?»

«ዋቃ ኮ! አምላኬ! ወባ ይዟቸዋል እኮ። ከሰኞ ጀምሮ እንደተኙ ናቸው።»

«ትምህርት ቤትስ?»

«ምን ትምህርት ቤት! ቀርተዋል።»

ባኮ ቆላ ነው፤ የባኮን ትንኝ አምቦ አያውቃትም። ቀድሪያ ወደ ዕቃ ቤቱ፣ ሲስተር ወደተኙባቸው ጆንያዎች ተመለከተች። የገዛ ራሷ አምስት «ቀ»ዎችም አምቦ ላይ በእርሳስ እየጠበቁ መሆናቸውን አሰበች፤ ሰኞ ብትቀር ስድስት ይሆናሉ፣ ፈተናውም ያከትማል። መጀመሪያ አፏ ላይ የመጣው ግን ፈተናው አልነበረም።

«አጎቴ፣ ቀሪ አለብኝ።»

«ምን አለሽ?»

«ሲስተር ቀርተዋል። የቀረ ሰው ጋ መሄድ አለብኝ።»

አብዱልናስር አንዱን ሕፃን በቀኝ ሌላውን በግራ ትከሻው እንደያዘ ትንሽ አያት።

«ሂጂ» አለ። «እነዚህን ታቅፌም ቢሆን ሱቄን እከፍታለሁ።»

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የሲስተሮቹን ቤት በር አንኳኳች። አንዲት ወጣት ሲስተር ከፈተችላት።

«ታመዋል፣ የኔ እህት። ጠያቂ አናስገባም።»

«ጠያቂ አይደለሁም» አለች ቀድሪያ። «ትምህርት ነኝ።»

ሲስተር ድንቅቱ ሁለት ብርድ ልብስ ለብሰው ይንቀጠቀጣሉ። አልጋው ውስጥ ያለው ሰው የአሥር ዓመት ልጅ ያህላል። ቀድሪያ ደብተሯን ገለጠች። መኪና ላይ ሆና የሠራችው መዝገብ ነው፤ መስመሩ በየጉድጓዱ ተንጋድዷል፤ ውስጡ አንድ ስም፣ ከስሙ ትይዩ ከሰኞ እስከ ዓርብ በእርሳስ አምስት «ቀ»። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ሲስተር ድንቅቱ!»

ከዚያ ከብርድ ልብሱ ሥር፦

«አቤት።»

የመድኃኒት መዋጫውን ብርጭቆ አንስታ ስለ ሲሊንደር ይዘት አስረዳቻቸው። ስትጨርስ አልተነሳችም።

«አሁን እርስዎ ያስረዱኝ።»

«ልጄ፣ ወባ ይዞኛል።»

«የኔ ጥርስ አብጦ ነበር።»

ሲስተር ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ፣ «የመሠረቱ ስፋት… ሲባዛ በቁመቱ» አሉ።

«ጎበዝ» አለች ቀድሪያ።

«እኔ ጎበዝ አልልም።»

«አውቃለሁ።»

ላጲሷን አወጣችና አምስቱን ማጥፋት ጀመረች። እንባ ዓይኗን ስለጋረዳት አጥብቃ ፈተገችው።

«ቀስ» አሉ ሲስተር። «ወረቀቱን ትቀጅዋለሽ።» ከዚያ እጃቸውን ወደ ትራሳቸው ሥር ሰደዱ። ያን ሳምንት ሌላ መምህር የጠራበትን የክፍሉን መዝገብ አስመጥተው እዚያ አኑረውታል። ሲሊንደሩን በደንብ አስረድታለችና የእሷንም አምስቱን አንድ በአንድ አጠፉላት።

ከድሮ ልጁ አምቦ መግባቷን ሰምቶ ሊቆጣ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ሁለቱን አንድ ላጲስ ሲቀባበሉ አየና ቁጣውን ረሳው። «ቃል የገባሁት ሱቁ ሰው እንዳያጣ ነው» አለ በመጨረሻ። «እኔም ሰው ነኝ።» ሰኞ የራሱን ሱቅ ዘግቶ ባኮ ወረደ። አምቦ ገበያ የከድሮን በር በሥራ ቀን ተዘግቶ ያየው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ፈተናውን አለፈች። ሲስተር ድንቅቱም ዳኑ፤ ብዙ ልጆችንም ዛፍ ላይ ወጥተው ሳሉ ደረሱባቸው። በኋላ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወሩ፣ ዛሬ በሕይወት የሉም። ያቺ ደብተር ግን ከቀድሪያ ጋር አለች። አንድ ስም፣ ከጎኑ አምስት የቀለም ምልክት፤ ሌላው ገጽ ሁሉ ባዶ ነው። እርሳስ በላጲስ ሲጠፋ ግን ጨርሶ አይሄድም። ቀድሪያ ገጹን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል ስታደርገው ከቀለሙ ሥር አምስቱ «ቀ»ዎች ይታያሉ፤ አንዲት አጭር ሴት በዝናብ ያለፈችበት መንገድ ላይ የዣንጥላዋ ጫፍ እንደተወው ዱካ።