ፊት አይቶ የሚከፍተው ስልክ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» እንድትሉኝ አልጠብቅም። በዚህ ተረት ውስጥ ላምም በረትም የለም። ሣር ግን አለ፤ ነበረ ማለት ይሻላል፤ ነገሩ የተጀመረው ሣሩ ካለቀ ወዲህ ነውና።

በአንድ የደጋ ጫካ ውስጥ ሣር የሚበሉ እንስሳት ተሰብስበው የሣር ማኅበር አቋቋሙ። ሊቀመንበር ይመረጥ ሲባል አያ አንበሶ ከቋጥኙ ላይ ሆኖ አዛጋ። ጥርሱን ያየ ሁሉ የፊት እግሩን አነሣ፤ በሙሉ ድምፅ ተመረጠ። ሣር ቀምሶ የማያውቅ የሣር ማኅበር ሊቀመንበር መሆኑ የከነከነው አልጠፋም፤ ነገር ግን ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብሎ ሁሉም ዝም አለ። አያ ቀበሮም እንደ ጌታው ሣር ሳይቀምስ አማካሪ ሆነ።

በዚህ ማኅበር ውስጥ አያ ከርከሮ ተጠባባቂ የግዢ ኃላፊ ነበር። «ተጠባባቂ» የምትለዋ ቃል ሰኮናው ውስጥ እንደገባች እሾህ ትጠዘጥዘው ነበር። ስንት በጋ ተጠባበቀ፤ ቋሚ የሚያደርገው ግን አልተገኘም።

«ጌታው ትንሽ ፊት ቢሰጡኝ እኮ ነገሩ የአንድ ቀን ሥራ ነው» ይላል ለሚስቱ።

«ፊት ይስጡህና ልጆችህ ያንን ፊት ይጋጡት?» ትለዋለች እመት ከርከሮ።

በዚያ ዓመት በጋው ጠና። ደጋው ተግጦ ተግጦ አፈሩ ታየ። ቆላው ሜዳ ላይ ግን ዝናብ ቀድሞ ጥሎ ሣሩ ከጉልበት በላይ ደርሷል ተባለ። የዚያ ሜዳ ባለቤቶች የሜዳ አህዮች ናቸው። ድሮ ግጦሽ ሲለመኑ ቁራ ይላክባቸውና ቁራው መልስ ይዞ ይመለስ ነበር። አሁን ግን ሠልጥነዋል፤ «ግጦሽ የሚፈልግ በኢሜይል ይጠይቅ፤ የቁራ ጉዳይ አናስተናግድም» አሉ። ስለዚህ ማኅበሩ ለሥራ የሚሆን ስልክ ይግዛ ተባለ። የመምረጡ ኃላፊነትም አያ ከርከሮ ላይ ወደቀ።

ከቤት ሲወጣ ሚስቱ የከሱ ልጆቿን ከጎኗ ሰብስባ ተቀምጣ ነበር። «ስማኝ» አለችው፤ «ኢሜይል ሲገባ የሚጮህ፣ ባትሪው ውሎ የሚያድር፣ ማንኛችንም ከፍተን መልስ የምንጽፍበት ይሁን። ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው።»

«እሱማ መች ጠፋኝ» አለ ከርከሮ። እውነቱን ነው፤ አልጠፋውም ነበር። እኔ ደግሞ ሳያውቅ ያጠፋን እምራለሁ፤ እያወቀ የሚያጠፋው ነው የሚያናድደኝ።

ከግዢው በፊት በእርግጥ ስብሰባ ነበረ። በዚያ ጫካ ስብሰባ የሌለበት ግዢ ስርቆት ይባላል፤ ስብሰባ ያለበት ስርቆት ደግሞ ግዢ ይባላል። ዝሆን ስክሪኑ ካልሰፋ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ጉማሬ ውኃ ውስጥ ቢያድርም የማይሞት ይሁን አለ። ቀጭኔ ኔትወርክ ያለው ላይ ስለሆነ ስልኩ እኔ አንገት ላይ ይንጠልጠል አለች። ጎሽ ብቻ ተነሥቶ «ለመሆኑ ኢሜይሉ ሲመጣ መልሱን የሚጽፈው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። «አጀንዳው እሱ አይደለም» ተብሎ ተቀመጠ።

ከዚያ ከርከሮና ቀበሮ ወደ እመት ጦጢት ሱቅ ወረዱ። ጦጢት ሁለት ስልኮች አውጥታ አስቀመጠች። አንደኛው ጥቁር፣ ወፍራም፣ ዓይን የማይሞላ ነበር።

«ይኼ የሥራ ስልክ ነው» አለች። «ባትሪው አይደክምም፤ ኢሜይል ሲገባ ይጮሃል፤ ቢወድቅ አይሰበርም። የሚስጥር ቁጥሩን የሚያውቅ ሁሉ ይከፍተዋል።»

«ያኛውስ?» አለ ቀበሮ፣ ጀርባው እንደ ጥንዚዛ ወደሚያብለጨልጨው እያየ።

«ያኛው ፊት አይቶ ነው የሚከፍተው። አንድ ጊዜ ያስመዘገባችሁትን ፊት ካላየ ቢለምኑትም አይከፍትም።»

የከርከሮ ጆሮ ቆመ። ፊት አይቶ! ዕድሜውን ሙሉ የኖረው ፊት አይቶ በሚከፍት፣ ፊት አይቶ በሚዘጋ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነው። ለዚያ ቤት ከዚህ የበለጠ የሚስማማ ዕቃ ከየት ይመጣል? ልቡ «ተው» ሳይለው አልቀረም፤ ልጆቹም ዓይኑ ላይ ውል አሉበት። እሱ ግን አንበሳው ስልኩን ሲቀበልና «ቋሚ ነህ» ሲለው ታየው። ጥቁሩን ስልክ በአፍንጫው ወደ ጎን ገፋ አደረገና የሚያብለጨልጨውን አስጠቀለለ።

የርክክቡ ዕለት ጫካው ሁሉ ተሰበሰበ።

«ጌታዬ» አለ ከርከሮ፣ አፍንጫው መሬት እስኪነካ አጎንብሶ፤ «ቁጥር እንደሆነ ማንም ተራ እንስሳ ያጠናዋል። ይኼ ስልክ ግን ከእርስዎ ፊት በቀር ማንንም አያውቅም።»

«ከእኔ በቀር ማንንም?»

«የገዛሁትን እኔን እንኳ አያውቀኝም፣ ጌታዬ።»

አያ አንበሶ ደስ አለው። ፈገግ ብሎ ፊቱን ሊያስመዘግብ ሲል ግን ቀበሮ ጠጋ አለና «ፈገግታ ለሹም አይሆንም ጌታዬ፤ የሚያስፈራ ፊት ይስጡት» ብሎ መከረው። አንበሳው ግንባሩን ቋጠረ፤ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን አሳየ። ስልኩ ያንን ፊት ያዘ። ጭብጨባው ጫካውን አናጋው፤ አብልጦ ያጨበጨበው ከርከሮ ነበር። ስልኩ በተከፈተበት ጦጢት ለሜዳ አህዮች የግጦሽ ጥያቄ ጽፋ ላከችና ሁሉም ወደየጎሬው ሄደ።

ውሎ ሳያድር ስልኩ ጮኸ። መልስ መጣ ማለት ነው። አንበሳው አንሥቶ አየው፤ አልተከፈተም። ገልበጥ አድርጎ አየው፤ እንቢ አለ። ጦጢት ተጠርታ መጣች።

«ስልኩ ደኅና ነው» አለች። «እሱ የሚያውቀው የተቆጡትን ጌታ ነው፤ እነዚህን ፊታቸው የፈካውን አያውቃቸውም። ሌላ ፊት ለማስመዝገብም መጀመሪያ በዚያው ፊት መከፈት አለበት። ግንባርዎን ይቋጥሩለት።»

አንበሳው ግንባሩን ቋጠረ። «አቤት ግርማ!» አለ ቀበሮ። ግንባሩ ተፈታ። እንደገና ቋጠረ። «እንዲህ ያለ ቁጣ በአባትዎም አላየን» አለ ዝሆን። አንበሳው ሳይወድ በግዱ ሳቀ። ከተሾመ ጀምሮ የሚያስቆጣ ነገር በጆሮው ገብቶ አያውቅም፤ ሣሩ ያለቀ ጊዜ እንኳ «ሜዳው ጸድቷል» ብለው ነበር የነገሩት። ቁጣ ከየት እንደሚመጣ ጨርሶ ረስቶት ነበር።

ቀናት አለፉ። ስልኩ ይጮሃል፤ የሚከፍተው የለም። በጭንቅ ቁራ ቢላክ የሜዳ አህዮች «መልሳችንን በኢሜይል ልከናል። እስከ ዓርብ ፀሐይ መጥለቂያ መልስ ካልሰጣችሁ ሜዳውን ለሌሎች እንሰጣለን» ብለው መለሱት። ከርከሮ ቤቱ ሲገባ ትንሹ ልጁ መቆም አቅቶት ተጋድሟል።

«ያ የሚያብለጨልጨው ስልክህ የሚበላ ከሆነ አምጣውና እንብላው» አለችው ሚስቱ።

እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም።

ዓርብ ደረሰ። እንስሳቱ ሁሉ አንበሳውን ከበው ለማስቆጣት እየሞከሩ ያመሰግኑታል። ከርከሮ መሀል ገብቶ ቆመ።

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት።»

«ንገረኝ። ደስ ይላል?»

«አይልም» አለ ከርከሮ። «እርስዎ ሣር አይበሉም። ሣር ኖረ አለቀ ለእርስዎ ምንም አይደለም፤ እንዲያውም የደከመ ሚዳቋ ለመያዝ ይቀላል። ሜዳው ጸዳ ያልንዎት ውሸታችንን ነው፤ ልጆቻችን እያለቁ ነው። የመረጥንዎትም ጥርስዎን ፈርተን እንጂ ወደንዎት አይደለም። ይኼን ስልክ የመረጥኩት ለሥራ አይደለም፤ ፊት እንዲሰጡኝ ብዬ ነው። እኔም ከቀበሮ አልሻልም።»

በዚህ ጊዜ ቀበሮ እንኳ «አቤት ግርማ!» አላለም። የአንበሳው ግንባር ቀስ እያለ ተቋጠረ፤ ከንፈሩ ተነሣ፤ ጥርሱ ወጣ። ከርከሮ ስልኩን አንሥቶ ወደዚያ ፊት አቀና። ተከፈተ።

ጦጢት ነጥቃ አነበበች፦ «ሜዳው ተፈቅዷል። የሚመጡትን ቤተሰቦች ስም ላኩልን።» እልልታው ቀለጠ። አንበሳው ግን ዓይኑ ከርከሮ ላይ ነበር፤ ሊዘልበት ተዘጋጀ። ቀበሮ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ።

«በአደባባይ አያምርብንም፣ ጌታዬ። ስሙ ከዝርዝሩ ውስጥ አይግባና ረሃቡ ይጨርሰው። ደግሞ ስልኩ ሳይዘጋ ፊትዎን እንደገና እናስመዝግብ፤ አሁን እየሳቁ ይሁን። ከእንግዲህ ማንም ባለጌ ስልክ ልክፈት ብሎ አይዳፈርዎትም።»

አንበሳው ይህን ሲሰማ ፊቱ ፈካ። ስልኩም የፈካውን ፊት ያዘ፤ የቁጣውን ፊት ጣለ። ቀበሮ እየነገራት ጦጢት የሁሉንም ስም ጻፈች፤ የዝሆንን፣ የጉማሬን፣ የቀጭኔን፣ የጎሽን፣ የድኩላን። የከርከሮ ቤተሰብ ስም አልተጻፈም። ሁሉም ሰምቷል፤ «አንድ ቀረ» ያለ ግን አልነበረም። ቀበሮ በዚያው ቀን የግዢ ኃላፊ ሆኖ ተሾመ። ተጠባባቂ አልተባለም፤ ቋሚ ነው።

በማግስቱ እንስሳቱ በሰልፍ ወደ ቆላ ወረዱ። ከርከሮና ሚስቱ ደረቁን መሬት በአፍንጫቸው እየቆፈሩ ለልጆቻቸው ሥር ይፈልጉ ነበር። ሁሉም አንገቱን ሰብሮ ሲያልፍ ጎሽ ብቻ ቆም አለ።

«እግዜር ይስጥህ፣ ወንድሜ። አንተ ባትኖር አልቀን ነበር» አለው። ከዚያ ዞር ዞር ብሎ ማንም እንዳልሰማው አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን ምናለበት አነጋገርህን ትንሽ ለስለስ ብታደርገው ኖሮ?»

ከርከሮ አፈር የለበሰ አፍንጫውን ቀና አደረገ።

«ሂድ፣ ወንድሜ፣ ሣሩ ሳያልቅብህ ድረስ» አለው። «አንድ ነገር ብቻ አትርሳ። ያ ስልክ እስከ ትናንት እውነት ሲነገር ይከፈት ነበር። ለከርሞ ሣሩ ሲያልቅባችሁ አለቀ ብላችሁ እንዳትናገሩ፤ ይዘጋባችኋል።»