የዶን ኤፒፋኒዮ ጥንዚዛ

በየመንደሩ ከተወለደ ጀምሮ አንድም ጥፋት ያላጠፋ ሰው አይታጣም። የኛው ክቡር ዶን ኤፒፋኒዮ ይባላሉ። የድንጋይ አጥራቸው ቢናድ፣ በጋቸው ቢጠፋ፣ ቅዳሴ ቢያመልጣቸው ጥፋተኛዋ አንዲት ናት፦ አጥራቸው ሥር ባለው የዱር ቁጥቋጦ ላይ የምትኖር፣ ጀርባዋ አረንጓዴ የሚያብረቀርቅ፣ ከባቄላ ፍሬ የምታንስ ቅጠል በል ጥንዚዛ።

ይህች ፍጡር ከዚያ ቁጥቋጦ ሌላ ስትቀምስ ያየ የለም። ከተራራችን ውጭ የሚያውቃትም ያለ አይመስለኝም፤ እኛም ስም አላወጣንላትም። ዶን ኤፒፋኒዮ «እሷ ናት» ካሉ ግን መንደሩ ሁሉ ይገባዋል።

አንድ ቀን ጉንጫቸው አብጦ አየሁና «ጥርስዎን ምን ነካው?» አልኳቸው።

«እሷ ናት። በእሷ ስናደድ አፋጭቼው ነው።»

ሰው ጥፋቱን የሚጭንበት አያጣም፤ አብዛኛውን ጊዜ ጎረቤቱ ላይ ይጭናል። እሳቸው ጥንዚዛ ላይ በመጫናቸው ማንም አልተጎዳም።

ባለፈው ሰኔ ውርጩ ሲጠና ቹኞ ለምንለው የደረቀ ድንች የሚሆነውን ድንች ሜዳ ላይ አሰጣን። ሌሊት ውርጭ ይመታዋል፣ ቀን በእግራችን ረግጠን ውሃውን እናወጣለን፣ ከደረቀ ዓመቱን ሙሉ ይበላል። ከቆላ ተድራ የመጣችው ኔሊዳ ግን ጆንያ ተሳሳተችና ለዘር የተቀመጠውን የመንደሩን ድንች አሰጣችው። ውርጭ የመታው ዘር ደግሞ አይበቅልም።

ስብሰባ ተጠራ። አማቷ ዶኛ ቶማሳ ቀድማ ተነሳች። «ወደ እናቷ ትመለስ። እዚያው ቆላዋ ፓፓያዋን ትልቀም።»

ኔሊዳ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። ባሏም ከእናቱ ጎን እንደተቀመጠ ቀረ።

ዶን ኤፒፋኒዮ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሱ። «ይኸው፣ ጥንዚዛዋ መጣች» አለ ከኋላ አንዱ፤ ሰው ሳቀ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ሳቁ ቆመ።

«ያንን ጆንያ አስጪው ያልኳት እኔ ነኝ። ዓይኔ ደክሟል፣ አልለየሁትም። ልጅቷ ምን ታድርግ? ዘሩን ከራሴ ጎተራ እተካለሁ።»

ዶኛ ቶማሳ ተቀመጠች። ሽማግሌ ያዘዛትን የፈጸመች ምራት ማባረር በኛ ዘንድ ነውር ነው።

ዘሩ በተሰጣበት ቀን ዶን ኤፒፋኒዮ ከጧት እስከ ማታ እኔ ደጃፍ ተጎልተው ጥንዚዛዋን ሲረግሙ ነው የዋሉት። ሜዳው አጠገብ አልደረሱም። ስንት ዓመት የሳቅኩባቸውን ሰውዬ ምን ያህል እንደምወዳቸው ያወቅኩት እዚያ ስብሰባ ላይ ነው።

ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ጎረቤታቸው ነህ። እውነት ነው?»

«ሲያዟት ሰምቻለሁ» አልኩ።